ያልተነገረ ስም

ሠርካዲስ ለማንም ነግራው የማታውቀውን ስም፣ ቅዳሜ ማለዳ ሻይ ልትጥድ ማድ ቤት ቆማ ሳለች ከሳሎን ሲጠራ ሰማችው። የጠሩት አማቷ ወይዘሮ ፀጋ ናቸው። ወይዘሮ ፀጋ ስልክ ሲያወሩ መሣሪያውን የማያምኑት ይመስል ስለሚጮኹ፣ እንኳን ማድ ቤት ያለ ሰው ከዳገቱ በላይ ያለ ጎረቤትም ይሰማቸዋል። “ኤልሮኢ ነው ያለኝ! አዎ፣ ኤልሮኢ! የሚያየኝ አምላክ! ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ሦስት ጊዜ ደጋገመልኝ እኮ ነው የምልሽ፣ ሦስት ጊዜ! በቃ፣ ሚሚ መባሏ ዛሬ ያበቃል። ነገ ለጌታ ስትቀርብ በዚህ ስም ነው የምትቀርበው።” በወዲያኛው ጫፍ ያለችው ልጃቸው ኢየሩ መሆኗ ነው። ኢየሩ ከወለደች ሁለት ወር ሆኗታል፤ እናቷ “ስሟ ከላይ እስኪመጣልኝ ታገሺኝ” ስላሏት ሕፃኗን ሚሚ እያለች ስትጠራ ከርማለች። ሠርካዲስ የጫረችው ክብሪት ቡታጋዙን ሳይነካ ጣቷ ድረስ ነደደ።

ስሙ የልጇ ነበር። ባለፈው ጳጉሜን በኦፕራሲዮን ከሆዷ የወጣች፣ ሳታለቅስ የወጣች ልጅ። ሠርካዲስ ከማደንዘዣው ስትነቃ ሁሉም ነገር አልቆ፣ ተጠቅልሎ፣ ተወስዶ ነበር። አንዲት ነርስ “ሴት ነበረች” አለቻት፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ልጅቷ አንድ ቃል የነገራት ሰው የለም። ድንኳን አልተጣለም፣ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ሳይተነፍስ ለተወለደ ልጅ ማን ያለቅሳል? የመጣው ሰው ሁሉ “እንኳን አንቺ ተረፍሽ” እያለ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ባሏ አክሊል አንድ ቀን ነገሩን ሊያነሳ አፉን ሲከፍት እናቱ በዓይናቸው ገሠጹት፤ እሱም አፉን መልሶ ዘጋ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። በዚያ ቤት የተቀመጠው ዝምታ ግን ዘጠኝ ወር ሞልቶት መነቀዝ ጀምሮ ነበር።

ከዚያ በፊትም ዘመኑ ለሠርካዲስ ደግ አልነበረም። ትሠራበት የነበረው የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ልቀንስ ሲል ከእሷ ጀመረ። አንድ ዓመት ለፍታ የከፈተቻት የስፌት ሱቅ ደግሞ መንገድ ይሰፋል ተብሎ በአንድ ጠዋት ፈረሰች። በላዩ ላይ ልጅቷ ተጨመረች። ነርሷ ስታሰናብታት “ማልቀስ ካቃተሽ ጻፊው” ብላት ስለነበር፣ ከሰፈር ሱቅ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ገዛችና የመጀመሪያው ቀን “ዛሬ ነቃሁ” ብላ ጻፈች። በማግስቱ “ዛሬም” አለች። ኅዳር ላይ ግማሽ ገጽ ደረሰች፤ ጥር ላይ የልብስ መኪናዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ ዘይት ቀባችው፤ ፋሲካ ሲደርስ የጎረቤት ልጆች ዩኒፎርም ማሳጠር ጀምራ ነበር። መጻፍ ሰው ያድናል ብዬ አልምልም፣ ሠርካዲስን ግን በየቀኑ ከአልጋዋ አስነስቷታል። ሁልጊዜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይነሳ፣ በትንሽ ባትሪ ብርሃን ትጽፋለች። ለልጇም ስም ያወጣችላት እዚያ ደብተር ላይ ነው። ሐሙስ ዕለት ቃል ሁሉ ጠፍቶባት “ኤልሮኢ፣ ኤልሮኢ፣ ኤልሮኢ” ብላ ብቻ ጽፋ ነበር የዘጋችው። ሦስት ጊዜ።

ሻዩን ጥዳ ወደ ክፍሏ ሮጠች። ደብተሩ ፍራሹ ሥር፣ በአሮጌ ትራስ ልብስ ውስጥ፣ በጥቁር ክር እንደታሰረ ነው። ክሩን የምትቋጥረው ልብስ ሰፊ ብቻ በሚያውቀው አቋጣጠር ነው፤ ቋጠሮው አልተነካም። ደግሞስ ማን ይነካዋል? አክሊል ለሥራ ደብረ ብርሃን ከሄደ ሦስት ሳምንቱ ነው። ወይዘሮ ፀጋ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት እንኳን የእጅ ጽሑፍ የመዝሙር ደብተር ርዕስ ማንበብ ካቆሙ ዓመት አልፏቸዋል፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን የሚያዳምጡት ከስልክ ነው። በዚያ ቤት ሌላ ነፍስ የለም። ሠርካዲስ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ቋጠሮውን ደግማ በጣቷ ዳሰሰችው።

“ሠርካዲስ! ነይ እስቲ ልጄ።” ወይዘሮ ፀጋ ሳሎን ሶፋው ላይ ነጭ ጨርቅ ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ሠርካዲስ ለሕፃኗ የምትሰፋው ቀሚስ ነው፤ እጅጌው ብቻ ቀርቷል። ፊታቸው የበዓል ፊት ሆኗል። “ደረቱ ላይ ስሟን ጥለፊላት፣ በወርቅማ ክር። ኢየሩ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ቸርች ጽሕፈት ቤት ትሄዳለች፤ ሰርተፊኬቱ ላይ የሚጻፈውን ስም ያኔ ነው የሚመዘግቡት። አንዴ ከተጻፈ በቃ፣ ተጻፈ ነው።”

“ስሙን ከየት አመጡት እማዬ?” አለች ሠርካዲስ።

“እኔ አመጣሁት? ተሰጠኝ እንጂ!” ሳቁ። “የዘጠኝ ወር ጸጋ ነው ልጄ። የአክሊል አባት ከሞቱ ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ ጌታ ዝም ብሎኝ ነበር፤ ታውቂያለሽ። በእንቅልፍ ኪኒን ነበር የማድረው። አሁን ግን ማለዳ ማለዳ ይናገረኛል። ቀስ ብሎ፣ እንደዚህ፣ ሹክ ብሎ።” ሠርካዲስ ይህን ጊዜ “ልጄ ናት እሷ” ማለት ነበረባት። አፏ ግን ለዘጠኝ ወር የለመደውን ቃል ብቻ አገኘ። “እሺ” አለች፤ ጨርቁን ተቀብላ ወጣች።

የሰኔ ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ቀጨኔን ውጧት ነበር። ከታች ያለው የመድኃኔዓለም ድምፅ ማጉያ ቅዳሴውን ሲለቅ ይሰማል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግን አይታይም። የሸክላ ሠሪዎቹ ደጃፍ ላይ የተደረደሩት ማሰሮዎች ጥቁር አፋቸውን ወደ መንገዱ ከፍተዋል። ሠርካዲስ ዳገቱን ስትወርድ፣ ከጉሙ ውስጥ ዣንጥላ መጣ፤ ከዣንጥላው ሥር የቸርቹ ሽማግሌ ጋሽ ቶሎሳ ወጡ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ ሰላምታቸው ራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ይፈጃል። ስለ ጤና፣ ስለ አክሊል፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ጠይቀው ሲያበቁ፣ ወደሌለችው ፀሐይ ቀና ብለው ፈገግ አሉ። “ምን አለበት ልጄ? ‘ፀሐይ ወጣች፤ ምንም አልጠየቀችኝም’ ነው። እኔ በዚህ ቃል ነው ሰሞኑን የምነሳው። ተባረኪ።” ዣንጥላቸውን ይዘው ጉሙ ውስጥ ገቡ።

ሠርካዲስ ቆማ ቀረች። ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፈችው ሚያዝያ ላይ ነው። የጻፈችበትን ጠዋት ታስታውሳለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መስኮቱን ከፍታ የቆመችበት ቀን ነበር። ስለ ምንም ነገር ማብራሪያ የማይጠይቃት አንድ ነገር በማግኘቷ ደስ ብሏት ነበር የጻፈችው። ያን ደስታዋን አሁን አንድ ሽማግሌ ከኪሳቸው እንደ ከረሜላ አውጥተው ሰጧት። ልትከተላቸው ፈለገች፣ ከዚያ ምን ብላ እንደምትጠይቅ አሰበችና ተወችው። “ጋሼ፣ እኔን ከየት አገኙኝ?” ተብሎ አይጠየቅም።

ሽሮ ሜዳ ስትደርስ ጉሙ ወደ ካፊያ ተቀይሯል። ክር ሁልጊዜ የምትገዛው ከሮቤል ነው፤ እሱና ወንድሙ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ልጆች ናቸው፣ በስተጀርባ ይሸምናሉ፣ በፊት ለፊት ይሸጣሉ። በጠባቧ ሱቅ ውስጥ ጥለቱ በየዓይነቱ እስከ ጣሪያ ተሰቅሏል፣ ከጓሮ የመወርወሪያው ምት ይሰማል። ወርቅማው ክር መቶ ሃያ ብር ገብቷል፤ ባለፈው ሰማንያ ነበር። “ለአንቺ መቶ” አለ ሮቤል፣ ሳትከራከረው። ሠርካዲስ ገንዘቡን ልትሰጠው ስትል ዓይኗ ከኋላው ግድግዳ ላይ አረፈ። በትልልቅ ፊደል ታትሞ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ዳር ዳሩ በአበባ ሥዕል ያጌጠ ወረቀት ተለጥፏል፦ “አንድ ስፌት ከተበላሸ ሁሉን አትፍቺ፤ እስከ ተበላሸበት ፍቺ።”

“ይሄን... ማን ጻፈው?” ድምፅዋ ከራሷ ሩቅ ሆነባት።

“ቃል ነው። በቴሌግራም ግሩፓችን የመጣ። እናት ፀጋን አታውቂያቸውም? በእሳቸው በኩል ነው።” ሮቤል ወደ ጓሮው በአገጩ አመለከተ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። “ከወንድሜ ጋር ልንለያይ ነበር፣ እኅቴ። ዕቃውን ሁሉ ልንካፈል፣ ሽማግሌ ተቀምጦ። በዚያው ጠዋት ይሄ መጣ። በቃ፣ የተጣላንበትን ቀን ፈለግነው፤ አንዲት የማትረባ ቀን ናት። እሷን ብቻ ፈታናት። ይኸው እየሸመነ ነው።” መወርወሪያው ጓሮ ውስጥ ግራ ቀኝ ይመላለሳል። ሠርካዲስ ቃሉን የጻፈችው የጎረቤት ልጅ ሱሪ አበላሽታ፣ ንድድ ብሏት፣ ራሷን ልታረጋጋ ነበር። በዚህ ዓይነት አንድ ቤት ከመፍረስ መዳኑ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስ አላላትም። አንድ ሰው ሌሊት ልብሷን ለብሶ ከተማውን እየዞረ፣ ጠዋት መልሶ ቦታው ላይ የሚሰቅለው መሰላት።

ዝናቡ ሲጠነክር ታክሲ ውስጥ ገባች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ እሷ ገና በሰኔ ጆሮዋ ሞልቶ ነበር። መስኮቶቹ ተዘግተው፣ እርጥብ ሹራብ እየሸተተ፣ ረዳቱ ሒሳብ እየለመነ፣ ከፊት ወንበር ላይ ያለች አንዲት ሴት ስልኳን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ የድምፅ መልእክት ታዳምጣለች። ድምፁ ግን ወደ ውጭ ያመልጣል። የወይዘሮ ፀጋ ድምፅ ነው። “የፈረሰ ቤት በሩ አይንኳኳም፤ እኔ ግን አሁንም የሚያንኳኳ እሰማለሁ። ይላል ጌታ።” ሴትዮዋ እንደገና ተጫነችው። እንደገና። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እያለቀሰች ነው። ሠርካዲስ ስለ ፈረሰችው ሱቋ የጻፈችው ነው ይህ፤ ከሱቋም በላይ ስለ ሆዷ የጻፈችው። ከመውረጃዋ በፊት “ወራጅ አለ” አለች፤ የቀረውን ዳገት በዝናብ ወጣችው።

በመንገድ ላይ ሦስት ነገር አሰበች፤ አንዱ ካንዱ የባሰ። ምናልባት አብዳለች፤ የሰማችውን ቃል ነው ደብተር ላይ እየጻፈች የእኔ የምትለው። ወይም በእንቅልፏ እየተነሳች ታነብላቸዋለች። ሦስተኛውን ስታስብ መሐል መንገድ ላይ ቆመች። ምናልባት ወይዘሮ ፀጋ እውነታቸውን ነው። ምናልባት ዘጠኝ ወር ሙሉ የኔ ሐዘን፣ የኔ ቁጣ፣ የኔ ሥቃይ ብላ የጻፈችው ሁሉ የእሷ አልነበረም፤ ሌላ ነገር በእጇ ሲጽፍ ነበር። ታዲያ ኤልሮኢም እሷ ያወጣችው ስም አይደለም ማለት ነው። ከልጇ የቀራት ይህ ስም ብቻ ነው፤ ፎቶ የለም፣ መቃብሩን አታውቅም፣ መልኳን አላየችም። ነገ ቸርች ውስጥ አምስት መቶ ሰው ይህን ስም ጠርቶ ሲያጨበጭብ፣ ስሙ ሌላ ፊት ይኖረዋል፤ ያ ፊት ይስቃል፣ ጥርስ ያወጣል፣ ትምህርት ቤት ይገባል። የእሷ ልጅ ሁለተኛ ትሞታለች።

በጓሮ በር ገባች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጫማዋን አውልቃ፣ እርጥብ ካልሲዋን እየጎተተች ወደ ክፍሏ ሄደች፤ ወይዘሮ ፀጋ መኝታ ቤታቸው ናቸው መሰል፣ በራቸው ተገፍቷል። ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና በሳሙና ቁራጭ ደረቱ ላይ ፊደሎቹን ነደፈች። ኤ። ል። መርፌዋ ላይ ወርቅማውን ክር አስገባች። መርፌው ግን ጨርቁን መውጋት አልቻለም፤ ማለቴ እጇ አልቻለም። ሦስት ጊዜ አስጠጋችው፣ ሦስት ጊዜ መለሰችው። ጨርቁን ገፍታ ደብተሯን ከፍራሹ ሥር አወጣች። ከሰዓት በኋላ ጽፋ አታውቅም። ልማዷን ስታፈርስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ባዶ ገጽ ገለጠችና “ስሟን ወሰዱት” ብላ ጻፈች።

“ማን ነው የወሰደው፣ ጌታ ሆይ?” አለ አንድ ድምፅ።

ብዕሩ ከእጇ አመለጠ። ድምፁ የመጣው ከፊቷ፣ ከግድግዳው ውስጥ ነው። ግድግዳው ግድግዳም አይደለም፤ አክሊል ሲያገባት አንዱን ክፍል ለሁለት የከፈለበት ቺፕውድ ነው፣ ከላይ ክፍት። ከወዲህ ጠረጴዛዋ ተጠግቶበታል። ከወዲያ የወይዘሮ ፀጋ አልጋ ራስጌ አለ። “ተናገር ጌታ ሆይ” አሉ ወይዘሮ ፀጋ ከወዲያ፣ እየተንቀጠቀጡ። “ዛሬ በቀንም መጣህልኝ? የማንን ስም ነው የወሰዱት? አረጋግጥልኝ፤ ኢየሩ ልትደውልልኝ ነው።”

ሠርካዲስ ቀስ ብላ ጣቷን ወደ ከንፈሯ ወሰደች። ከንፈሯ ገና ይንቀሳቀስ ነበር። አንደኛ ክፍል ሳለች አስተማሪዋ የሚጽፉትን ቃል ሁሉ በአፋቸው እያሉ እንዲጽፉ በአለንጋ አስተምረዋቸዋል፤ ፊደል በአፍ ሳያልፍ ወረቀት ላይ አይረጋም ይሉ ነበር። ያ ልማድ በሃያ ሰባት ዓመቷም አልለቀቃትም ማለት ነው፤ እሷ ብቻ አታውቀውም። ለማረጋገጥ ብዕሩን አነሳች። አፏን ገጥማ “ዝናብ” ብላ ጻፈች። ከወዲያ ምንም የለም። አፏን ለቀቅ አድርጋ “መርፌ” ብላ ጻፈች።

“መርፌ?” አሉ ወይዘሮ ፀጋ ግራ ተጋብተው። “መርፌ ምንድን ነው ጌታ ሆይ?”

ሠርካዲስ አፏን በመዳፏ ከደነች። ሁሉም ገባት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የእሷ ቃል በየማለዳው ከአፏ ወጥቶ፣ በቺፕውዱ አናት ዘሎ፣ ተኝታለች ከሚሏት ምራት ይህን የማይጠብቁ አንዲት ሴት ጆሮ ላይ ያርፍ ነበር። ወይዘሮ ፀጋ ጌታ ሲናገር አያቋርጡም፤ ትንፋሻቸውን ይዘው ያዳምጣሉ እንጂ። ሹክሹክታ ደግሞ የማን እንደሆነ አይለይም። ድምፅዋን እንዳይለዩት ደግሞ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ከአፏ “እሺ” ከሚለው ሌላ ስንት ቃል ሰምተው ያውቃሉ?

ፍርሃቱ ለቀቃት፤ በቦታው የባሰ ነገር መጣ። ቀላል መሆኑ ታያት። “ሌላ ስም ስጪያት” ብላ ብትንሾካሾክ ያበቃል። አምስት ቃል አይሞላም። ወይዘሮ ፀጋ “እሺ ጌታዬ” ይላሉ፣ ስሙ ይመለስላታል፣ ማንም አይጎዳም፣ ማንም አያፍርም፣ የሮቤል ወረቀት ግድግዳው ላይ ይቀራል። ከንፈሯ ተከፈተ። የቃሉ መጀመሪያ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ያስፈራት ሲኦል አይደለም፤ ነገ ማለዳ ነው። ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነቅታ ይህን ደብተር ስትከፍት ማን ሆና ነው የምትጽፈው? በዚህ ዓለም ላይ አንድም ውሸት ያልተናገረችበት ቦታ ይሄ ብቻ ነው። ዝም ብላ ብትቀመጥም ስሙ ይሄዳል፤ እውነቱን ብትናገር ደግሞ ከእኚህ ሴትዮ እጅ ጌታቸውን ነጥቃ ወደ ኪኒናቸው ትመልሳቸዋለች። ሦስቱንም መንገድ አየቻቸው፤ አንዱም አያምርም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ከወዲያ አሮጊቷ ይጠብቃሉ።

“እማዬ” አለች። በሹክሹክታ አልነበረም። “እኔ ነኝ።”

“ማን?”

“ሠርካዲስ ነኝ።”

ከወዲያ አልጋው አቃሰተ፤ ከዚያ እየዳበሰ የሚመጣ እጅ በግድግዳው ላይ፣ በመቃኑ ላይ፣ በበሩ ላይ ተሰማ። ወይዘሮ ፀጋ ነጠላቸው ከአንድ ትከሻቸው ወርዶ በሩ ላይ ቆሙ። በሞራ የተሸፈነው ዓይናቸው ሠርካዲስን አልፎ መስኮቱን ያያል። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻቸው።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አሉ።

“ከመስከረም። ስጽፍ... ለካ ስጽፍ አፌን አንቀሳቅሳለሁ። አላውቅም ነበር እማዬ፣ ይሙቱ አላውቅም ነበር።”

“ጠዋት ጠዋት የሚመጣው ሁሉ?”

“ሁሉም።”

“‘ይላል ጌታ’ ብዬበታለሁ እኮ” አሉ ወይዘሮ ፀጋ። ቁጣ ጠብቃ ነበር ሠርካዲስ፤ የመጣው ግን እንደ ተያዘች ሕፃን ያለ ድምፅ ነው። “በግሩፕ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። አሁን ምን ይሉኛል?” ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። ሠርካዲስ እጃቸውን ያዘች። በአራት ዓመት ውስጥ ይህን እጅ ይዛው አታውቅም ነበር። ቀዝቃዛ ነው፣ ከምታስበው በላይ ቀላል። “ስሙስ?” አሉ ቆይተው። “ኤልሮኢ የማን ስም ነው?”

“የልጄ።”

ወይዘሮ ፀጋ ፊታቸውን ከነጠላው ውስጥ አወጡ። ያን ጊዜ ስልካቸው በቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ጮኸ። ሠርካዲስ አውጥታ አነሳችላቸውና ድምፅ ማጉያውን ነካችው። ኢየሩ ናት፤ ከጀርባዋ ሕፃን ያለቅሳል። “እማ፣ ጽሕፈት ቤት ነኝ። ጸሐፊዋ ልትዘጋ ነው። ኤልሮኢ ብዬ ላስመዝግባት አይደል?”

ወይዘሮ ፀጋ ስልኩን ከሠርካዲስ እጅ ተቀበሉ። ይህን ስም ቸርቹ ግማሽ ቀን ሙሉ ሲያወራው ውሏል፤ መልሰው ቢውጡት ማብራሪያ ይጠየቃሉ፣ ማብራሪያው ደግሞ ያዋርዳቸዋል። “ተይው” አሉ በመጨረሻ። “ስሙ ባለቤት አለው።”

“የማን ነው?”

“የአክሊል ልጅ። የሚሚ ታላቅ።” “ኤልሮኢ የእሷ ስም ነው። ነገ ቸርች ላይ ቆሜ የምናገረው አለኝ፤ አሁን አትጠይቂኝ።”

“ታዲያ... ታዲያ ልጄን ምን ልበላት?” ኢየሩ ልታለቅስ ነበር።

“እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? የወለድሻት አንቺ። ስም አንቺ አውጪላት።”

ስልኩ ተዘጋ። ዝናቡ አባርቶ ከቆርቆሮው ጠርዝ ጠብ ጠብ የሚለው ብቻ ቀርቷል። ሠርካዲስ ልትነሳ፣ መብራት ልታበራ ፈለገች፤ ወይዘሮ ፀጋ ግን እጇን አልለቀቁም። ሌላው እጃቸውን አንስተው ከክርናቸው እስከ መዳፋቸው ያለውን ርቀት ጭናቸው ላይ አስተካክለው ዘረጉት፤ የሆነ ነገር የተቀመጠበት ይመስል ጣቶቻቸውን ቀለስ አደረጉ።

“ይህችን ታክል ነበር” አሉ። “እኔ ነኝ የያዝኳት። ከሆስፒታሉ እስከ መቃብሩ እዚህ ላይ ነበረች። አክሊል ከፊት ተቀምጦ ወደ ኋላ መዞር አቃተው። እኔ ደግሞ ዓይኔን አላመንኩትም፣ በጣቴ ነው ያየኋት።” ጣታቸውን ጭናቸው ላይ በቀስታ አሳለፉ። “ፀጉር ነበራት። ብዙ። እስከ ጆሮዋ ድረስ። ቁስልሽን እንዳልነካ ብዬ ነው እኮ ያልነገርኩሽ፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ አፌ ላይ ነበረች።”

“ሌላስ?” አለች ሠርካዲስ።